የልጅ ልጄ ቡድን እንዳይወርድ

የልጅ ልጆቼ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። በስልካቸው የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲያሰልጥኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ይሄ ልጅ የገባው መቼ ነው?» ብል፣ «እምዬ ደግሞ ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብለው ሳቁብኝ። ከየትም አላመጣሁት። ከታላቅ እህታቸው ጋር አብሬ ተሸንፌ የተማርኩት ነው።

ያኔ እሷ ቆቦ እኔ ዘንድ ሆና ትማር ነበር፤ እናት አባቷ ሮቢት ናቸው። ወንድሟ ደግሞ ለሥራ ዓረብ አገር ነበር። ሲደውል እኔ «ደህና ነህ?» እላለሁ፣ እሱ «አልሃምዱሊላህ» ይላል። እሷ «ሥራ እንዴት ነው?» ትላለች፣ «ጥሩ ነው» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ዋጃ ላለችው እህቴ የምነግራት አጥቼ አላውቅም። እሱ የሚውልበትን ቦታ ግን በዓይኔ አላየሁት፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?

ወሬ ያመጣላቸው ይሄ ጨዋታ ነው። ሁለቱም በየስልካቸው ቡድን አላቸው፤ ቡድኖቻቸው አንድ ምድብ ውስጥ ይጋጠማሉ። ኳሱን እነሱ አይነኩትም። ማን ይግባ፣ ማን ይቀመጥ፣ ማን ይሸጥ ይላሉ እንጂ፤ ስልኩ ራሱ ያጫውትና ቁጥሩን ያመጣል። ማን ምን ያህል አገባ፣ ማን ምን ያህል ኳስ ነጠቀ፣ ማን ሜዳ ላይ ሳለ ነጥቡ ለየትኛው ቡድን አደላ። ያን ጊዜ ነው የወንድሟ አፍ የሚፈታው። ድምፁን ቀድቶ ይልክላታል።

«አንቺ፣ ያን ቡድንሽን ገበያ አውጪው! ከፍየሎቹ መሀል ቢቆም የሚለየው የለም።»

«አንተ በፍየል እንዳትሸነፍ ተጠንቀቅ!»

እኔም ከኋላዋ ሆኜ «እህትህን ተዋት፣ ይልቅ ምሳ በላህ ወይ?» እላለሁ። እሱም የበላውን ይናገራል፣ የዋለበትን ይናገራል፣ አሠሪው እንዴት እንደሚያንኮራፋ ሳይቀር አስመስሎ ያሰማናል።

ታዲያ ውድድሩ ሲያልቅ ከሥር የቀሩት ቡድኖች ወደ ታችኛው ምድብ ይወርዳሉ። የእሷ ቡድን ቁልቁል እየሄደ ነበር። «ከወረድኩ ከእሱ ጋር አንጋጠምም እምዬ፤ ከዚያ ምን እናወራለን?» አለችኝ። ይሄ ነገሯ ሆዴ ገባ።

ቁጥሩን አንብቢልኝ አልኳት። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ቁጥር ግን ገበያ አስተምሮኛል። አንድ ጺማም ተጫዋች አለ፤ ብዙ አያገባም፣ ብዙ አይነጥቅም። ሜዳ ላይ ሳለ ግን ነጥቡ ለእኛ ያደላል፤ በዚያ ቁጥር የሚደርስበት የለም። አንድ መላጣ ደግሞ አለ፤ እሱ ሲገባ ነጥቡ ሁልጊዜ ለባላጋራ ነው።

«ጺማሙን ከመጀመሪያው አስገቢው» አልኳት። ማሽላ በደቦ ስንወቃ ዘፈን የሚያወርድልን ሰው ነበር። ዱላው ከማንም ያነሰ ነው፤ እሱ የቀረ ቀን ግን የሁሉም ክንድ ይዝላል። ይሄም እንደዚያ የሌላውን ክንድ የሚያነሳ መስሎኝ ነው። ልጅቷም አመነችኝና መላጣውን ለሽያጭ አቆመችው።

ተሸነፍን። ደግሞ ተሸነፍን። ወንድሟ «ጺማሙን አስገቢ ብሎ የመከረሽ ማነው?» ሲላት፣ «እምዬ ናት» ብላ አጋለጠችኝ።

«እንግዲያው እምዬን ከቡድኑ አሰናብቻት!»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እምዬ፣ መቼ እንደሚገባ አላየንም!» አለች። ያለፉትን ጨዋታዎች እየከፈተች አሳየችኝ። ጺማሙ ድሮ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ጨዋታው ከለየለት በኋላ፣ ባላጋራው ጎበዞቹን አስቀምጦ ደካሞቹን ሲያስገባ። መላጣው ግን ከጅምሩ የሚገባው ከሌላው ቡድን ጉልበተኛ ጋር ሊገፋፋ ነው።

ሳቄ መጣ። ለካ አውድማው ላይ ሌላም ሰው ነበረ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ይመጣል። ሌላው ጠዋቱን በፀሐይ ሲወቃ ውሎ ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ እሱ ላይዳውን ያነሳና ያዘራል። ገለባው ይበራል፣ ማሽላው ጠርቶ ይወርዳል፤ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» የሚለው እሱን ነው። ሰነፍ አልነበረም ሰውየው፤ የመጣበት ሰዓት ነው ያማረለት። እኔ ጺማሙን አይቼ ዘፈን አውራጁን አሰብኩ፤ ማሰብ የነበረብኝ ይሄኛውን ነበር። ዛሬም ሰው ሲመሰገን ወይም ሲታማ ስሰማ፣ የገባው መቼ ነው፣ ከፊቱስ ማን ቆሞበት ነበር እላለሁ በልቤ።

መላጣውን ከሽያጭ መለሰችው፤ ማሸነፍም ጀመርን። ግን ዘግይተናል። ውድድሩ ሳያልቅ፣ የቀሩትን ሁሉ ብናሸንፍም እንደማንተርፍ ታወቀ። ልጅቷ ስልኩን ትራስ ሥር ከታ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጨዋታ እኮ ነው እንዳልላት፣ ለእሷ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን መክፈትም ተወች።

አዲሱ ውድድር ሲጀመር እየፈራች ከፈተችውና ጮኸች።

«እምዬ! እሱም ወርዷል!»

እውነትም የወንድሟ ቡድን ከእኛው ጋር ከታች ተሰልፏል። ድሮም በነጥብ ከእኛ ብዙ አይርቅም ነበርና አልገረመንም። ግን አልማርነውም። «አፈ ትልቅ! ያ ሁሉ ፉከራ የት ገባ?» አለችው። እኔም «ከምታሰናብተኝ ብታማክረኝ ይሻልህ ነበር» አልኩት። «ተጫዋቾቼ ተጎዱብኝ፣ ምን ላድርግ» አለ። ወሬያችን እንደ ወትሮው ቀጠለ።

ከዓመታት በኋላ ወንድሟ አገሩ ገባ። ዋጃ እህቴን ጠይቀን በሚኒባስ ስንመለስ ያን የቡድኑን መውረድ አንስቼ ቀለድኩበት። ወደ መስኮቱ ዞሮ ፈገግ አለና እውነቱን አወጣው። አንድም ተጫዋች አልተጎዳበትም ነበር። የእህቱ ቡድን መውረዱ ሲረጋገጥ፣ የቀሩትን ጨዋታዎች ጎበዞቹን ሁሉ አስቀምጦ ሆን ብሎ ተሸንፏል።