የጨውና የጣፋጭ ውሃ ዋጋ

ጧፍ፣ ጧፍ። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ ያ ድምፅ ከተሰማ ፀዳል ያሰጣችው አንሶላ በነፋስ እየተማታ ነው ማለት ነበር። ዘመኑ ፲፱፻፺፮ ዓ.ም. ነው።

የከተማው የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ነውና ነጭ ልብስ ያደድራል። ስለዚህ ፀዳል ለአንድ አንሶላ ሁለት ዋጋ ነበራት፤ በቧንቧው ብቻ ላጠበችው ስድሳ ፍራንክ፣ ሹፌሮች ከአገር ቤት በጀሪካን በሚያመጡላት ጣፋጭ ውሃ ላለቀለቀችው መቶ። መቶውን የሚከፍላት ሄሮን ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያለው ሀምዱ ብቻ ነበር። የክፍሏ ኪራይ የሚወጣው ከእርሱ አንሶላ ነው። ከጋቦዴ ሰፈር የቤት ሠራተኝነቷን ትታ የመጣችው ቦንቱም ሰባት ዓመት አብራት ስታጥብ፣ አብራት ስታድር ኖራለች።

ድሬዳዋ ያደገው ሀምዱ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣና የአንሶላውን ጫፍ በምላሱ ይቀምሳል። ጨው ካለው ዐሥር ፍራንክ ይቀንሳል። «ባሕር ውስጥ ነው እንዴ የነከርሽው?» ይላታል።

የዚያን ሐሙስ ግን አልቀመሰም። ሁለቱ ሴቶች ክፍሉ ውስጥ አንድ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያጥፉ፣ እርሱ ሊያሳጥብ ባመጣው የአንሶላ ጥቅል ላይ ተቀመጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሃምሳ።»

«ጋሽ ሀምዱ፣ በሃምሳ የጣፋጩ ውሃ ዋጋ እንኳ አይወጣም።»

«ጣፋጩን ማን ጠየቀሽ? በጨው እጠቢው።»

«እንግዶችዎን ያሳክካቸዋል። ኋላ እኔን ነው የሚወቅሱኝ።»

«እንግዳ አንሶላ አይልስም።»

«እርስዎ ሰባት ዓመት ልሰዋል እኮ።»

«ያኔ መቶ እከፍል ነበራ» አለና ፈገግ አለ።

«እሺ በሰማንያ፤ የመጨረሻውን ዙር ብቻ በጣፋጭ ላለቅልቀው። ሰባ ይሁን።»

ፀዳል ስድሳ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሀምዱ ፊቱን ወደ ቦንቱ መለሰ።

«አንቺስ? ስንት ትያለሽ?»

ፀዳል ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቦንቱም እንድትስቅ ጠበቀች።

«አርባ አምስት» አለች ቦንቱ። «በጨው።»

«አየሽ፣ ሳልከራከራት አምስት ቀነሰችልኝ።»

«ቦንቱ፣ እጅሽ ይላላጣል።»

«ድሮስ መች ዳነ? ከመቶው ሃያ አምስት ነበር የምትሰጪኝ።»

«ውሃው እኮ ነው ውዱ...» ብላ ጀመረች ፀዳል። የሚሰማት አልነበረም። ሀምዱ ከጥቅሉ ላይ ተነሣ።

ቦንቱ የያዘችውን ጫፍ ለቀቀች። ጥቅሉን አንሥታ ተሸከመች፤ ከፍራሹ ሥር መታወቂያዋን መዘዘች፤ ወለሉ ላይ የወደቀውን አንሶላ ተራምዳ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትል ሀምዱን ተከትላ ወጣች።