«ትንሽ አሟታል» ያለው የጉቴ ስልክ

ነቀምቴ ስልክ ቤት ስምንት ዓመት ሙሉ ገመድ ስትሰካና ስትነቅል የኖረችው በዛብሽ የሸዋ ሰው ልጅ ናት፤ ኦሮምኛዋን የሰማ ግን እዚሁ ከተማ፣ ጨለለቂ ሰፈር የተወለደች ነው የሚላት። ቁጣዋ አይጣል ነው። ሹምም ቢሆን ተራውን ካልጠበቀ አፏን አትይዝለትም። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜው መስመር ዝናብ ባየ ቁጥር የሚታመም መስመር ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚቀልድ ሁሉ ያንን ቢያይ አደብ ይገዛ ነበር።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ረፋድ፣ ከነቀምቴ ወጣ ካለችው ከጉቴ ተደወለ። ደዋዩ ኩማ የሚባል ገበሬ ነው፤ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ የአንድ ነጋዴ ሱቅ ሆኖ ነው፣ ስልክ በእጁ ሲይዝም የመጀመሪያው ነው። እንዴት አደርሽ አላት። ልጆቹስ? ከብቱስ? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? በዛብሽም ወጉ ነውና እናንተስ ደህና ናችሁ ወይ ብላ መለሰችለት። ደህና ነን፣ ተመስገን፣ ሁሉም ሰላም ነው አላት። እንግዲህ ደህና የሆነ ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ ገመዱን ልትነቅል እጇን ሰደደች። ያን ጊዜ ኩማ ዝግ ብሎ፣ ቤት ያለችው ትንሽ አሟታል አለ።

የአገሩን ሰው የማያውቅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ክፉ ወሬ ከሰላምታ በፊት አይወጣም፤ ሲወጣም ተቆንጥሮ ነው የሚወጣው። በዛብሽ ግን ታውቃለች። ለራስ ምታት ብሎ በሐምሌ ጭቃ ስልክ ፍለጋ የሚወጣ ማን አለ? ገመዱን ትታ እርሳስ አነሳች።

«ኦቦ ኩማ፣ ሰላምታው ይቆየን» አለችው። «መስመሩ ሳይቆረጥ ቤትህ የት እንደሆነ ንገረኝ። ከዚያ ምን እንደሆነች።»

ከጉቴ በላይ፣ ከወንዙ ማዶ ነው አላት፤ ጎረቤቶቹም አብረውት መጥተዋል። ሚስቱ ወርቂቱ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ደም ይፈሳታል፤ ከንጋት ወዲህ ቃል አልወጣትም። በዛብሽ ሁሉንም ጻፈች። እንዳትዘጋ ብላ አስጠንቅቃው በሌላው ገመድ ሐኪም ቤቱን አገኘች። መኪናው አለ፣ ወንዙ ግን ሞልቷል፣ አያሻግርም አሏት። ወደ ኩማ ተመለሰች፦ አብረውህ የመጡትን ጎረቤቶች ላክ፣ በቃሬዛ ይዘው በእግረኛው ድልድይ ያሻግሯት፣ አውራ ጎዳናው ዳር ያውጧት፤ አንድ ሰው ደግሞ መኪናው እንዳያልፋቸው ነጠላ እያውለበለበ መንገዱ ላይ ይቁም። ኩማ እኔው ልሩጥ ቢል አልሰማችውም። ሐኪም ቤቱ ሌላ ነገር ቢጠይቅ ማን ይመልሳል?

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መስመሩ እንዳይሞት እያስወራችው፣ እሷም በልቧ ማርያም ማርያም እያለች ቆየች። ወረፋ የያዙት ነጋዴዎች ሲንጫጩ ተቆጥታ ዝም አሰኘቻቸው። አንዴ መስመሩ ተቆርጦ እንደገና እስኪገኝ ነፍስ አልቀረላትም። በመጨረሻ ኩማ፣ መኪናው ጭኗት አለፈ፣ አየሁት አለና ስልኩን ጥሎ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሐኪም ቤቱ ነርሷ ደወለች። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ ሴት ናት። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አይገኙም ነበር። በዛብሽ ማዳመጫውን አውርዳ አምላኳን አመሰገነች፤ ሐኪሙን አመሰገነች፤ ቃሬዛ የተሸከሙትን፣ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸውን፣ አንድ በአንድ መረቀች።

መስከረም ሲጠባ ኩማና ወርቂቱ ሕፃኗን ይዘው ስልክ ቤት መጡ። ኩማ ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር፤ እንባው ቀደመው። ወርቂቱ ልጇን በበዛብሽ ጭን ላይ አኖረችና እጇን ይዛ ሳመች።

«ያን ሌሊት አንደበቴ ሳይያዝ፣ ሰው እንዳያስቸግርብኝ ለጠየቀህ ሁሉ ደህና ናት በል ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ አዴ በዛብሽ» አለቻት። «ደህና ነኝ እያልኩ ልሞት ነበር።»