ወንድሜ «አቤት» ሲል

ባለፈው እሑድ እዚህ ሱሉልታ፣ በዕድራችን ስብሰባ ላይ፣ የወንድሜ የደረጀ ስም ተጠራ። ደረጀን ክረምት ላይ ቀብረነዋል። የዕድር አባልነቱ ለእኔ ተላልፏል፤ ጸሐፊው ኦቦ ቱሉ ግን መዝገቡን ገና አላስተካከሉም። ስሙን ከጠሩ በኋላ ደንግጠው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ።

ነገሩ የዘጠነኛ ክፍል ነው።

ስናገር እንተባተባለሁ። ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። በተለይ «አቤት» የምትባለው ቃል ጠላቴ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ቲቸር አስቴር ስም ሲጠሩ «አ... አ...» ብዬ እቀራለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ ናትናኤል የሚባል ልጅ ወዲያው «ኔትዎርክ የለም!» ይላል። ሌላው «ካርድ ሙሉለት!» ብሎ ይቀጥላል። ክፍሉ በሳቅ ያብዳል። ስሜም ኔትዎርክ ሆኖ ቀረ።

ዘዴ አገኘሁ፤ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ መቆየት። ኅዳር ነበር። ሜዳው ታጭዶ ድርቆሹ ተከምሯል፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ክምሩን ተደግፌ የሽምብራ እሸት እፈለፍላለሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይል ነበር። ግን ቀሪ በዛብኝና «አንድ ቀን ከደገምክ ፈተና አትቀመጥም» ተባልኩ። እኔም ትምህርቱን ልተወው ቆረጥኩ።

ክምሩ ሥር ያገኘኝ ደረጀ ነው። ታላቄ ቢሆንም ዘጠነኛን እየደገመ ነበር፣ ሌላ ክፍል። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ናትናኤልን ምታልኝ አልኩት።

«እኔ የቀረሁ ቀን አንተን ይመታሃላ» አለና ከእሸቱ ግማሹን ወሰደብኝ። «ነገ ና ብቻ።»

ለካ ዳይሬክተሩን ለምኖ ወደ እኛ ክፍል ተዛውሯል። በማግስቱ ስሙ ከእኔ ቀድሞ ተጠራ። ብድግ አለ፤ ከወንዝ ማዶ የጠሩት ይመስል እጁን አፉ ላይ አድርጎ «አቤ-ኤ-ኤ-ኤት!» አለ። መስኮቱ ነዘረ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉ ቲቸር።

«ሲጠሩኝ ደስ ብሎኝ ነው፣ ቲቸር።»

ሳቁ ሳይበርድ የእኔ ስም ተከተለ። «አ... አ... አቤት» አልኩ፤ ማንም ልብ አላለም። በሚቀጥለው ቀን አንዷ በዜማ መለሰች። ሌላዋ በኦሮምኛ «ጂራ!» ብላ ጮኸች፣ አለሁ ለማለት። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም የየራሱ አቤት ነበረው፤ የእኔም አንዱ ሆነ። ቲቸር መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ሳቃቸው አሸነፋቸውና ሕግ አወጡ። «እንደፈለጋችሁ መልሱ። በሰው መልስ ያሾፈ ግን ውጪ!»

ናትናኤል ብቻ ደረቅ አቤቱን ይዞ ቀረ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መሬት መሬት እያየ መጣ።

«ደሬ፣ ለእኔም አንድ ፈልግልኝ።»

«ግርማን ጠይቀዋ» አለ ወንድሜ፣ እኔን እያሳየ።

ወደ እኔ ዞረ። «‹አ... አ... አለሁ፣ የት እሄዳለሁ!› በል» አልኩት። እስክጨርስ ሳያቋርጠኝ ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ኔትዎርክ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ደረጀ ማንንም አልመታም። ሳቁን ከእኔ ወስዶ ለሁሉም አካፈለው፣ እንደ እሸቱ። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ የበለጠ ጉልበት አላየሁም።

እሑድ ዕለትም ኦቦ ቱሉ «ይቅርታ ልጄ፣ አሁኑኑ ልሰርዘው» ሲሉ ተነሣሁ። «ግ... ግድ የለም አባባ፣ ለዛሬ ይቆይ» አልኳቸው። ከዚያ እጄን አፌ ላይ አድርጌ «አ... አ... አቤ-ኤ-ኤ-ኤት!» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር፣ ዛሬ የዕድራችን አባል የሆነው ናትናኤል፣ ስሙ ሳይጠራ፣ እየሳቀም እያለቀሰም ጮኸ።

«አለሁ፣ የት እሄዳለሁ!»