ክር አቃጥለው የሸጡልኝ ቱታ

ያን ቅዳሜ ጎጃም በረንዳ አጠገብ፣ ሸራ በተወጠረባት አንዲት የሳልባጅ ልብስ መደብ ፊት የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ብየዳ ተምራ የጨረሰችው ልጄ፣ ልብሱን የሚሸጡት እትዬ፣ እና የታሰረውን የልብስ ቦንዳ አውርደው ላባቸው እስኪደርቅ የተቀመጡት ሽማግሌ ተሸካሚ።

ልጄ ሰኞ ዕለት ምን አለሽ ተራ፣ ምድጃ ከሚሠራበት ቤት ሥራ ልትጀምር ነው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ዓይኔ ላይ የሚመጣው እሳት ብቻ ነበር። መነጽርና ጓንት ይሰጧታል፤ ልብሱ ግን ከራሷ ነው። እሱን እኔ እመርጣለሁ አልኩ።

ልብስ መምረጥ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ቀለሙ የማይለቅ፣ የማይጨማደድ፣ ካውያ የማይፈልግ፣ ቶሎ የሚደርቅ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ነው። ከመደቡ ላይ አዲስ የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ የሥራ ቱታ አነሳሁ።

«ይሄን ስንት ይሉታል፣ እትዬ?»

«ለምን ሥራ ነው?»

«ለልጄ ነው። ብየዳ ትሠራለች።»

ቱታውን ከእጄ ወሰዱና ወደ ኋላቸው ወረወሩት። «አልሸጥልሽም።»

ተሸካሚው ሳቁ። «መርካቶ ውስጥ አልሸጥም የሚል ነጋዴ አየሁ! ከዚህ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝም።»

«አንተ ክብሪትህን አምጣና ሙት» አሏቸው እትዬ።

ከቱታው ጠርዝ አንድ ክር መዘው ለኮሱት። ክሩ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ቀረ። ሲቀዘቅዝ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ እንደ ጠጠር የደረቀ ነው። «ፖሊስተር ነው። ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል» አሉኝ። ከዚያ የወየበ ወፍራም ቱታ አንስተው ከእሱም ክር መዘዙ። ይሄኛው እንደ ወረቀት ነደደ፤ እፍ ሲሉት አመዱ በነነ። «ጥጥ ነው። ይበሳል እንጂ አይጣበቅም።»

ያ ጠብታ የልጄ ክንድ ላይ ታየኝ። ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ልጄ ግን አኮረፈች። «እማዬ፣ የልቅሶ ድንኳን እኮ ነው የሚመስለው!»

«በስመ አብ! የሠርግ ድንኳን በይ!»

«ሁለቴ ያስገባኛል።»

«ታዲያ አንዷ ትሥራ፣ ሌላዋ ትረፍ» አሉ ተሸካሚው።

እትዬ አልሳቁም። «የእግሩን እጥፋት ፍቺና አሳጥረሽ ዘምዝሚው» አሉኝ፤ «ፍንጣሪ እጥፋት ውስጥ ተኝቶ ነው የሚያቃጥለው። ኪሶቹንም ስፊያቸው።»

«እጄን የት ላድርገው ታዲያ?» አለች ልጄ።

«ሥራ ላይ!» አልን እኔና እትዬ እኩል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ልብስ ውስጥ የተሰፋውን የፈረንጅ ጽሑፍ አላነበውም። ክብሪት ግን አለኝ። ቤት እንደገባን የልጄን ልብስ ሁሉ አውጥቼ ከየአንዳንዱ ክር እየመዘዝኩ አቃጠልኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ተጨንቄ መርጬ ያለበስኳት ሁሉ ይቀልጣል። «የበዓል ቀሚሴን እንኳ ተይልኝ!» ብላ ነጠቀችኝ።

ቱታውን በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። ዘይት የጠጣ ልብስ ጥጥም ቢሆን ቶሎ ይነዳል ብላ ልጄ ስለነገረችኝ፣ የቆሸሸውን ቦታ ሳሙና ቀብቼ እዘፈዝፈዋለሁ። ሲደርቅ ወደ ብርሃን አንስቼ ቀዳዳ እፈልጋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ግራ እጅጌው ላይ ምስር ምስር የሚያካክሉ ሰባት ቀዳዳዎች አገኘሁ። እጅጌዋን ሰብስቤ ክንዷን አገላብጬ አየሁት። ከአንዲት ቀይ ነጥብ በቀር ምንም የለም፤ እሷንም «ትንኝ ናት» አለችኝ። ቀዳዳዎቹን በጥጥ ክር ደፈንኳቸው።

በማግስቱ ቱታውን ይዤ እትዬን ላሳያቸው ሄድኩ። መደባቸው ላይ የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። ተሸካሚውን አገኘኋቸውና ብጠይቃቸው፣ «እግራቸውን ሲያማቸው ልጃቸው ወደ አብነት ሰፈር ወሰደቻቸው፤ ቤቱን ግን አላውቀውም» አሉኝ። አብነት ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ፤ የሚያውቃቸው አላገኘሁም።

ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በጥቁር ላስቲክ የሚያስሩ፣ ልብስ ከመሸጣቸው በፊት ለምን ሥራ ነው ብለው የሚጠይቁ ሴት ናቸው። ያያችኋቸው ካላችሁ፣ እግራቸው ተሽሏቸው እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።