ቅቤ የተቀባው ቁርጭምጭሚቴ

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ አንዲት ሴት በቅጠል የያዘችውን የከረመ ቅቤ እንዳሸተው ወደ አፍንጫዬ ብታስጠጋልኝ ወደኋላዬ አፈገፈግሁ። ልጄ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። ምን ላድርግ፤ ያ ሽታ ለእኔ የምግብ ሽታ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል።

ነገሩ ሲጀምር ፍኖተ ሰላም የምማር ኮረዳ ነበርሁ። ክረምቱን ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው የአባቴ ቤት ለማሳለፍ መጥቼ፣ ዝናብ ያጨቀየው ቁልቁለት ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ግራ እግሬ ከሥሬ ተጣጥፎ ቀረ፤ ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ አባቴ የመንደሩን ወጌሻ አያ ጥሩነህን ጠራልኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ለድካማቸው ከጠላ በቀር የሚቀበሉት አልነበረም። እግሬን ጎትተው አቃኑና ቅቤ ቀብተው፣ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። እስኪገጥም ማንም እንዳይፈታው አዘዙ።

ብዙም ሳይቆይ መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ ቅቤው ነው ተባለ። እየዋለ እያደረ ግን የሞተ ከብት ከወደቀበት ቦይ እንደሚነሳው ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ ሆነ። ዝንብ ከአጠገቤ አይጠፋም። እናቴ የበቆሎ እሸት ጠብሳ ስትሰጠኝ ሽታው ከእሸቱ ጋር አፌ ይገባና እተፋዋለሁ። የገዛ እግሬን ተጸየፍሁት፤ የሌላ ሰው ሬሳ አልጋዬ ላይ ያስተኙብኝ ይመስል ከራሴ ላርቀው እሞክር ነበር። አያ ጥሩነህ ሊያዩኝ ሲመጡ ጎንበስ ብለው አሸተቱትና፣ አጥንት ሲገጥም ይሸታል አሉን። ሁላችንም አመንናቸው።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የእናቴ እህት ከፍኖተ ሰላም መጣች። ገና በሩ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጫነች። ቀርባ ጨርቁን መፍታት ስትጀምር አባቴ ክንዷን ያዘ፤ ከፈታሽው አንካሳ ሆና ትቀራለች አላት።

«አንካሳ ትሁን፤ ልጅቱ እየሞተች እኮ ነው» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

አባቴ ክንዷን ለቀቀ።

ምላጭ አስመጥታ ማሰሪያውን ቀደደችው። ጨርቁ ሲነሳ ቆዳዬ አብሮ ተነሳ። ቅቤው ከመግል ጋር ተቀላቅሎ አረንጓዴ ሆኗል፤ በእግር ጣቶቼ መሃል ትል ይርመሰመሳል። ትንሿ ጣቴና ከጎኗ ያለችው እንደ ከሰል ጠቁረዋል። አስመለሰኝ። እናቴም ደጅ ወጥታ ስታስመልስ ሰማኋት።

በቃሬዛ ቡሬ አደረሱኝ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተወሰድሁ። ሐኪሙ የማሰሪያው ጥብቀት ደሙ እንዳያልፍ አንቆት ነው አለ። ሁለቱ ጣቶቼ ተቆረጡ፤ እግሬ ተረፈ፣ ቁርጭምጭሚቴ ግን ዛሬም በወጉ አይታጠፍም። አያ ጥሩነህ ሊጠይቁኝ መጥተው አልጋዬ አጠገብ ቆመው አለቀሱ። ልቆጣቸው አልቻልሁም።

አሁን አርጅቻለሁ። ልጄ እግሬን ስታጥበኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ እሷ ግን አትጸየፈውም። የትሉ መልክ ከዓይኔ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ዛሬም ድረስ የሚያንገሸግሸኝ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በዚያ ሽታ መሃል ተቀምጦ እራት መብላቱ፣ ስለ ዝናቡ ማውራቱ፣ በመጨረሻም ለምዶት አፍንጫውን መያዝ መተዉ ነው።