የአለቃ ኮፍያ ለምን ጠመመ

አማቴን የወደድኳቸው በትግል ነው። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ወጥ ውስጥ በሚገባው ጨው እንኳ ተስማምተን አናውቅም። እኔ ምላሴ አያርፍም፣ እሳቸው ደግሞ የሰሙትን አይረሱም። ግን ሌላ ሰው ስለ እሳቸው ክፉ ሲናገር ከሰማሁ ዓይኔ ደም ይለብሳል። እሳቸውን ማማት ለእኔ ብቻ የተፈቀደ ነገር ነው።

ሥራቸው የኪሮሽ ኮፍያ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል በመንገዱ በኩል ሰፊ መስኮት አለው። መስኮቱ ሥር ወንበራቸውን አድርገው፣ ክሩን በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀምጠው፣ ከጠዋት ጀምረው ብርሃን እስኪያጡ ይሠራሉ። በብዛት የሚሠሩት የሕፃን ኮፍያ ነው። እናቶች ልጃቸውን ታቅፈው ይመጣሉ፣ አማቴ መዳፋቸውን ሕፃኑ አናት ላይ ሸፈን አድርገው ትንሽ ያቆዩታል፣ አለቀ። ሜትር የሚባል ነገር ቤታቸው የለም። "ሐሙስ ነይ" ይላሉ፣ ሐሙስ ኮፍያው ልክክ ይላል። አንዲት ደንበኛ "እማማ፣ እጅዎ ዓይን አለው እኮ" ብትላቸው፣ "ዓይኔማ ደክሟል፣ እጄ ይይልኝ እንጂ" አሏት።

ልጄ ሲወለድ ስም ሳናወጣለት አማቴ "አለቃ" አሉት። ሲያለቅስ ቤቱ በሙሉ ብድግ ስለሚል ነው። ሦስት ወር ሲሞላው እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። አለቃ አልጋው የፊት ክፍል ገባና ቀኑን ሙሉ ከአያቱ ጎን ይውል ጀመር። እኔ ስመለስ ሁልጊዜ በጀርባው ተኝቶ፣ ፀጥ ብሎ፣ ንጹሕ ኮፍያ አድርጎ ነው የማገኘው። በየወሩ አዲስ ኮፍያ ይሠሩለታል። "እማማ፣ ይኼ ልጅ ስንት ጭንቅላት ነው ያለው?" እላቸዋለሁ። እሳቸው ክራቸውን ይስባሉ።

አንድ ቅዳሜ የአለቃን ኮፍያ አጥቤ፣ ቅርፁ እንዳይበላሽ ብዬ በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ላደርቀው አጠለቅኩት። ዘመም አለ። አስተካከልኩት፣ አሁንም ዘመም። አውልቄ በጣቴ ስዳብሰው ከኋላ በቀኝ በኩል ወፍራም ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ክሩ ድርብ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ትንሽ ትራስ የገባበት ይመስል። በሆዴ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በሦስት ዓመት ውስጥ የእሳቸውን ስሕተት በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ኮፍያውን በሳህኑ ላይ እንዳለ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

"እማማ፣ ይኼ ኮፍያ ጠሟል።"

"ኮፍያው ደህና ነው" አሉኝ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

"ታዲያ ሳህኑ ነው የጠመመው?"

"ሳህኑም ደህና ነው።"

እጃቸው ግን ቆሞ ነበር። የእሳቸው እጅ ደግሞ በሥራ ሰዓት ቆሞ አያውቅም።

ሄጄ ልጄን አነሳሁት፣ ኮፍያውን አወለቅኩለት፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከላይ ወደ ታች አየሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከላይ አይቼው አላውቅም። የማየው ፊት ለፊት ነው፤ ፊቱን ካያችሁት ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አያምራችሁም። ከኋላ በቀኝ በኩል ጭንቅላቱ ጠረጴዛ ላይ ተጭኖ እንደዋለ ሊጥ ተጠፍጥፏል። የቀኝ ጆሮው ከግራው ቀድሞ ወደፊት ወጥቷል። በአራተኛ ወር ክትባቱ ላይ ነርሷ ሜትሩን ዙሪያውን አዙራ "ልኩ ጥሩ ነው" ብላን ነበር። ዙሪያው ልክ ነው። ጠማማ ነገርም ዙሪያ አለው።

"ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?"

"ወር ከምናምን ይሆናል" አሉ። "እጄ አወቀ። አፌ እምቢ አለኝ።"

"ለምን?"

"እያደረ ይሞላል ብዬ ነዋ። ደግሞስ ሰው ቢያየው ማንን የሚል ይመስልሻል? አንቺን ነው። 'እናቱ ሥራ ስትሮጥ ልጇን አጣመመች' ነው የሚሉሽ። እስኪሞላ ድረስ ላልብሰው ብዬ ነው።"

ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አደረግኩ። "ከሰው አፍ ሊያድኑኝ ብለው ልጄን ከሐኪም ደበቁብኝ!" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ባሌ ከሥራ መጥቶ ሲያየን፣ ነገሩን ለማብረድ "የእኔም ጭንቅላት ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበር" አለ። "እሱማ ያስታውቃል" አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከአማቴ ጋር በ"ደህና አደሩ" ብቻ ነበር የምንነጋገረው።

ሰኞ ሕፃናት ሐኪም ጋ ስሄድ አብረውኝ ተነሡ። ይምጡ አላልኳቸውም፣ ይቅሩም አላልኳቸውም። የአለቃን ኮፍያዎች በሙሉ በፌስታል ይዘዋል።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አለቃን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ከኋላችን ቆማ ከላይ አየችው። ከዚያ በጣቶቿ ጫፍ እርግብግቢቱን፣ ግንባሩን፣ ከጆሮው ኋላ ያለውን ሁሉ ቀስ እያለች ዳበሰችው። አማቴ ዓይናቸውን ከጣቶቿ ላይ አላነሡም። ባለሙያ ባለሙያን ሲያይ ያስታውቃል።

"የሕፃን ራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም" አለች። "ብዙ ቁራጭ ነው። አንጎሉ ሲያድግ ቦታ እንዲያገኝ መጋጠሚያዎቹ ቶሎ አይደርቁም። አንዱ መጋጠሚያ ያለጊዜው ከደረቀ ግን ጭንቅላቱ በዚያ በኩል አላድግ ይልና ይጣመማል። እሱ የሚስተካከለው በቀዶ ጥገና ነው፣ ያውም በጊዜ ሲደረስበት። ሌላው ዓይነት ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ከመተኛት የሚመጣ ነው። አጥንቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ በተጫነበት በኩል ይጠፈጠፋል።"

"የእሱ የትኛው ነው?" አልኩ።

"ጆሮው ወደፊት መገፋቱ ደህና ምልክት ነው። ሲወለድስ እንዲህ ነበር?"

አማቴ ፌስታሉን ፈቱና ኮፍያዎቹን በየወራቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የመጀመሪያው ድቡልቡል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛውም። ከአራተኛው ጀምሮ ወደ አንድ ጎን እየተጎተተ ይሄዳል። ሐኪሟ አንድ በአንድ እያነሣች በጡጫዋ ላይ አጥልቃ አየቻቸው። "ኋላ የመጣ ነው ማለት ነው" አለች። "ይኼ ብቻውን አያረጋግጥም፣ ግን ይረዳኛል። ስድስት ሳምንት እንሞክር። ካልተሻለው ራስ ቅሉን በራጅ እናየዋለን፣ ከዚያ ስለ ቀዶ ጥገና እንነጋገራለን።" ያቺ "ከዚያ" ያለቻት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ቀጥላ ቁልፏን በግራው በኩል አንቃጨለችለት። አለቃ ዞር አለ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ወደ ቀኙ ተመለሰ። "አንገቱም ለምዷል" አለች። "ቤት ውስጥ በቀኙ በኩል ምን አለ? ቀኑን ሙሉ የሚያየው ምንድን ነው?"

መልሱ ቶሎ ገባኝ። አልጋው የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ወንበሩም የት እንዳለ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አማቴን የምጥልበት ነገር ስፈልግ ከርሜ፣ ሰው ሲያቀርብልኝ እጄ አልዘረጋ አለ። "መስኮት አለ" አልኳት። "ብርሃኑን ነው የሚያየው።"

"መስኮት አይደለም" አሉ አማቴ። "እኔን ነው የሚያየው፣ ዶክተር። በዚያ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከሥራዬ ቀና ባልኩ ቁጥር እያየኝ አገኘዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።"

አንጀቴን በሉት። ልጄ በእሳቸው ፍቅር ጭንቅላቱን አጣሞ፣ እሳቸው ደግሞ እኔን ከሐሜት ሊያድኑ ጥፋቱን በክር ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ እንዴት ተብሎ ይኮረፋል?

የታዘዝነው ቀላል ይመስል ነበር። ሲተኛ በጀርባው መተኛቱ አይቀየርም፣ ግን አልጋው ውስጥ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙረን እናስተኛዋለን፤ ያኔ አማቴ በግራው ይሆናሉ። ነቅቶ ሳለ፣ እያየነው፣ በሆዱ እናስተኛዋለን። አንገቱን በቀን ደጋግመን ቀስ እያልን እናፍታታለን። እሳቸው ደግሞ በቀኙ በኩል ዝር አይሉም።

ሐኪም ምን አለበት። አለቃ ድምፃቸውን ይሰማል፣ ይዞራል፣ ግማሽ ላይ አንገቱ ይይዘዋል፣ ያለቅሳል። አማቴ ሁለት እርምጃ ሄደው በቀኙ ቢቆሙለት ወዲያው ዝም ይላል። አልሄዱም። ኪሮሹን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው "አለቃ፣ ወዲህ ነኝ፣ ወዲህ" ይሉታል። እኔ መስማት አቅቶኝ ጓዳ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ወሬ የማይወዱት ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ያወሩለት ጀመር፤ ስለ ክር፣ ስለ ደንበኛ፣ ስለ እኔ ምላስ ሳይቀር። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ የለም። በሦስተኛው በዓይኑ ጥግ ይፈልጋቸዋል። እሳቸው ከስተዋል።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል፣ አለቃ አገጩን ግራ ትከሻው ላይ አድርሶ አፍጥጦ ሲያያቸው አየሁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ክር ይፈታሉ።

"እማማ" አልኳቸው፣ "ቀና ይበሉ።"

ቀና አሉ። የያዙት የክር ድውር ከእጃቸው ወድቆ እስከ በሩ ተንከባለለ። የዚያን ቀን ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ከላይ አየችው፣ ዳበሰችው፣ ቁልፏን በሁለቱም በኩል አንቃጨለች። "ራጅም አያስፈልግም፣ ቢላም አያስፈልግም" አለች። "እየሞላ ነው። ዓመት እስኪሞላው በዚሁ ቀጥሉ። ትንሽ ምልክት ሊቀር ይችላል፣ ፀጉር ይሸፍነዋል።" እኔ አለቀስኩ። አማቴ "የእጅሽን ይስጥሽ" ብለው መረቋት።

ስንወጣ ፀሐይ ነበር፣ አለቃም ያለ ኮፍያ ነው። በር ላይ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አገኘችን። ወሬ የምታሸት ሴት ናት፣ የምፈራውም እሷን ነበር። ልጁን አየችው፣ ከዚያ ከኋላው ዞራ አየችው። "ውይ፣ ምን ሆኖ ነው ጭንቅላቱ?" አለች፣ ዓይኗን ወደ እኔ ጥላ።

አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

"እኔን ሲያይ ጠሞ ነው" አሏት። "እኔ ደግሞ ደብቄው ነበር። ያስተዋለችውም፣ ያዳነችውም እናቱ ናት። የምትነግሪው ሰው ካለ እንዲሁ አድርገሽ ንገሪልኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ቀጠለች። አለቃን ወደ ግራ ትከሻዬ አዙሬ ታቀፍኩትና የአማቴን ክንድ ይዤ መንገዱን አብረን ተሻገርን።