ጮክ ብዬ ያልኩት አሚን

አጋሮ ውስጥ የሰፈራችን ቡድን ዋና አሰልጣኝ ጥሎን ከሄደ ጀምሮ ልጆቹን የያዛቸው ምክትሉ ነበር። ሰውየው የሸቤ ልጅ ነው፤ እዚህ ኑሮ የጀመረው ለኳስ ብሎ ነው። ጠዋት ቡና ማበጠሪያ ቤት ይሠራል፣ ከሰዓት ሜዳ ይውላል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግቡ አፍ ላይ ያለውን ጭቃ በቡና ገለባ የሚያደርቀውም እሱ ነው። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ካልተመረጠ ግን መሄዱ ነው፤ የሚመጣው ሰው የራሱን ምክትል ይዞ ስለሚመጣ።

እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት አስተማሪ ስለሆንኩና የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። ነገር በሥርዓት ሲሆን ስለምወድ የመምረጫ መስፈርት አዘጋጀሁ፤ ለሥልጠና ወረቀቱ ይህን ያህል፣ ለልምዱ ይህን ያህል፣ ተጫዋቾቹን ለማወቁ ይህን ያህል። እያንዳንዱ አባል ለብቻው ይሞላል፣ ነጥቡ ይደመራል፣ የበለጠው ያልፋል። ይህንን ለምክትሉ ሜዳ ዳር ቆሜ እንደ ክፍል ትምህርት ዘርዝሬ አስረዳሁት።

«ሐጂስ?» አለኝ። ሐጂ የምንላቸው ሊቀ መንበራችን ናቸው፤ ቡና ነጋዴ፣ በዕድሜም የሁላችን ታላቅ።

«ሐጂም እንደ ማንኛችንም አንድ ወረቀት ነው የሚሞሉት።»

ሳቀ። «ዋላሂ ቲቸር፣ በነጥብ ከሆነማ አልፈራም።»

«በነጥብ ነው» አልኩት። ቃል መግባቴ እንደሆነ ያኔ አልታወቀኝም።

ስብሰባው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሐጂ የቡና መጋዘን ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። አንዱን መስፈርት ላስተካክል፣ ሌላውን ላሻሽል ስል ፎቶ ኮፒ ቤት የደረስኩት ስምንት ተኩል ላይ ነው። ወዲያው መብራት ጠፋ። ባለቤቱ «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» እያለ አቆየኝ። መጋዘኑ ስደርስ አርፍጃለሁ።

አባላቱ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ሐጂ ዱዓ ያደርጋሉ። እኛ ዘንድ ስብሰባ በዱዓ ይከፈታል፣ በዱዓ ይዘጋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ዱዓ ሲደረግ እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው በከተማችን የለም። ገና እየከፈቱ ስለመሰለኝ እፎይ አልኩ። ወረቀቶቹን ብብቴ ሥር ወሽቄ እጄን ዘረጋሁ። ሐጂ በኦሮምኛ ለአገሩ ሰላም፣ ለልጆቹ ጤና፣ ለቡድኑ ድል ለመኑ። ማርፈዴ አሳፍሮኝ ስለነበር ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሚን!» አልኩ።

ሁሉም ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

«እንኳን ደረስክ ቲቸር» አሉ ሐጂ። «በል ጻፍ። የጅማው ሰውዬ ሆኗል።»

ሌላው እጩ፣ የጅማው ሰውዬ፣ በወጣትነቱ ስመ ጥር አጥቂ ነበር። አሠልጥኖ ያውቃል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ሐጂ፣ ነጥቡን እኮ ገና አልሞላንም» አልኩ ወረቀቶቹን እያወጣሁ።

«አንተ ሲጫወት አልደረስክበትም» አሉኝ አንድ ልብስ ሰፊ አባል። «ኳሷ እግሩ ላይ ትተኛ ነበር።»

«አሁን የሚተኛው እሱ ራሱ ነው» አለ ከኋላ አንዱ። መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

«ምክትሉን ቢያንስ እንስማው፣ እባክዎ ሐጂ።»

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ አሚን ብለሃል እኮ» አሉኝ በቀስታ። «ከሁላችንም የተሰማው ያንተ ነው።»

በዱዓ የተዘጋ ነገር ተመልሶ አይከፈትም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ተማሪዎቼ ሲደባደቡ እኔ ራሴ ሽማግሌ ጠርቼ፣ ዱዓ አስደርጌ፣ «ከእንግዲህ ይህ ነገር አይነሳም» ያልኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ብዕሬን አወጣሁ።

«በሙሉ ድምፅ ብለህ ጻፍ» አሉኝ ልብስ ሰፊው። ጻፍኩ።

እሑድ ጠዋት ሜዳ ስወርድ ምክትሉ ከጆንያ ገለባ እየዘረገፈ ነበር። ሳያየኝ ልመለስ አሰብኩ። አየኝ።

«ስንት አገኘሁ?»

ከመብራቱ ጀምሬ በቅደም ተከተል ነገርኩት። አጭር ማድረግ አቃተኝ፤ የስብሰባ መክፈቻና የመዝጊያ ዱዓ እንዴት እንደሚመሳሰል እንኳ አስረዳሁት፣ የሱን ሃይማኖት ለሱው።

«አሚን አልክ?»

«አልኩ።»

«መቼም ሌላ ምን ትላለህ።» ገለባውን በእግሩ በተን በተን አደረገ። «ያንተን ወረቀትስ አልሞላህም?»

የኔን ቤቴ ሞልቼው ነበር። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበና ድምሩ ላይ ቆመ።

«ሊሙ ገነት ከተማ ላይ አሰልጣኝ ይፈልጋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። «ማሎ ቲቸር፣ እባክህ፣ ማህተም አድርግበትና ልያዘው።»

«ማህተሙ ሐጂ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝ።

«በል ና፣ የጆንያውን ጫፍ ያዝልኝ» አለ።

ያዝኩለት።